የወንድሜን እጅ ላተረፉልን፣ በተለይ ለኤምአርአይ ክፍሏ ባለሙያ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዋና ነገሬ ምስጋና ነው። ግን «ራጅህ ደህና ነው» ተብሎ ከተመለሰ በኋላም እጁን እያመመው ያለ ሰው ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ዘርዘር አድርጌዋለሁ።

ታናሽ ወንድሜ የበርና መስኮት ብረት በያጅ ነው። ከመሰላል ወድቆ መሬቱን በቀኝ መዳፉ ተመርኩዞ ተረፈ። የዚያኑ ዕለት ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ራጅ ተነሳ፤ ስብራት የለም፣ ወለምታ ነው ተባለና ማስታገሻ ይዞ ገባ። እብጠቱ ጎደለ። ከአውራ ጣቱ ሥር ያለው ሕመም ግን አልለቅ አለው፤ ቁልፍ ማዞር እንኳ አቃተው። አክስታችን ወጌሻ ጋ ካልወሰድኩት ብለው ተነሱ። የወጌሻን ሙያ አልንቅም፣ ግን ምኑ እንደተጎዳ ያልታወቀ አጥንት ሲታሽ ማየት አልፈለግኩምና የአጥንት ሐኪም ዘንድ ሄድን።

ዶክተሩ የድሮውን ራጅ አየና ወደ ጎን አስቀመጠው። አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ስትገትሩት ከሥሩ በጅማቶች መሃል ጎድጓዳ ቦታ ትሠራለች። እሷን በጣቱ ጫን ሲላት ወንድሜ ከወንበሩ ተነሳ። «እዚህ ጋ እንዲህ እያመመህ ራጁ ንጹሕ ነው ብዬ አልሸኝህም» አለውና አውራ ጣቱን ጨምሮ አሰረለት፤ ኤምአርአይም (በኃይለኛ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳውን ምርመራ) አዘዘ።

ምክንያቱንም ነገረን። በእጅ አንጓ ውስጥ 8 ትናንሽ አጥንቶች አሉ፤ ከእነሱ መካከል ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ስካፎይድ የሚባለው ነው። ክፋቱ ደሙ ነው። አብዛኛው ደም የሚገባው በጣት በኩል ባለው ጫፍ ሆኖ ወደ ክንድ ይመለሳል። ስለዚህ መሃሉ ላይ ሲሰበር በክንድ በኩል ያለው ቁራጭ ደም ሊያጣ ይችላል። ሳይታሰር ከቆየ ላይገጥም፣ አልፎም ሊሞትና አንጓውን ዕድሜ ልክ ሊያሳምም ይችላል። አዲስ የተሰነጠቀና ከቦታው ያልተንሸራተተ ሲሆን ደግሞ የመጀመሪያው ራጅ ሊስተው ይችላል። የተለመደው አካሄድ አስሮ ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ራጁን መድገም ነው። ኤምአርአይ ግን በአጥንቱ ውስጥ ያለውን እርጥበት ጭምር ስለሚያሳይ ስብራቱን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያጋልጠዋል። በኋላ ሳነብ፣ ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋምም በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ስካፎይድ ተሰብሯል ተብሎ ሲጠረጠር በደንብ ከተመረመረ በኋላ ኤምአርአይን የመጀመሪያ ምስል አድርጎ ማሰብ ይቻላል ይላል።

አሁን ወደ ባለውለታችን ልምጣ። የኤምአርአይ ክፍሏ ባለሙያ ነርስ ባትሆንም ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላት፤ እኛም እንደዚያው። ቅጹን ሞልተን ሰጠናት፦ የልብ ማሽን የለም፣ በቀዶ ጥገና የገባ ብረት የለም። ወንድሜን ቀና ብላ አየችውና «ሥራህ ምንድን ነው?» አለችው። ብየዳ ሲላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ዓይንህ ውስጥ ብረት ገብቶ ያውቃል?»

«ኧረ ሲስተር፣ የማይገባበት ቀን አለ እንዴ!» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ማግኔቱ ሰው ባይኖርበትም ሁልጊዜ እንደሚስብ፣ በዓይን ውስጥ የቀረች ቅንጣት ብረት ከቦታዋ ተንቀሳቅሳ ዓይን ልታጠፋ እንደምትችል ነገረችው። ከዚያ መጀመሪያ የዓይኑን ራጅ አስነስታ፣ ራዲዮሎጂስቱ (ምስሉን የሚያነበው ሐኪም) ብረት እንደሌለ እስኪያረጋግጥ አላስገባችውም። ወንድሜ አጉረመረመ፣ ወረፋውም አለፈን። እሷ ግን ፍንክች አላለችም። በቅጹ ላይ «የለም» የሚል ምልክት አይታ ብታልፍ ማን ይጠይቃት ነበር? ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይኸው ነው።

የማተቡን መስቀል በአክብሮት ፈትታ በፖስታ አድርጋ በእጄ ሰጠችኝ፤ ክሩን ተወችለት። ከእኛ ቀጥሎ የነበሩትን ሽማግሌም «አባባ፣ ውትድርና ነበሩ? ሰውነትዎ ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ አለ?» ስትላቸው ሰማኋት። ያ ጥያቄ ለእኛ አገር አባቶች ስንት እንደሚያወጣ እናንተው ታውቃላችሁ።

ለአንጓ ሲነሱ በሆድ ተኝቶ እጅን ከራስ በላይ መዘርጋት አለ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከማሽኑ ጩኸት ይልቅ ትከሻ ያስመርራል። ከደረቱ ሥር ትራስ አስገባችለት፣ ጆሮውን ሸፈነችለት፣ በየመሃሉ በድምፅ ማጉያው «አሁን አራት ደቂቃ ነው፣ ጣትህን እንዳታንቀሳቅስ» እያለች አስጨረሰችው። እጅ ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ይደበዝዝና ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ሲወጣ «ተሰብሯል?» ብዬ ጠየቅኳት። «እሱን ራዲዮሎጂስቱ አይቶ ይጽፈዋል፤ የእኔ ሥራ ጥርት አድርጎ ማንሳት ነው» አለችኝ።

ተሰብሮ ነበር። ዶክተሩ በስክሪኑ ላይ አሳየን፦ በአንደኛው ምስል ነጭ መሆን በሚገባው አጥንት ወገብ ላይ ጥቁር መስመር፣ በሌላኛው ደግሞ ዙሪያውን የሚያበራ እብጠት። ከቦታው ስላልተንሸራተተ ቀዶ ጥገና አላስፈለገውም፤ ጀሶ ታሰረ፣ ገጠመ። አሁን ፊዚዮቴራፒ ላይ ነው። መዶሻ መጨበጥ ጀምሯል፤ ሙሉ ጉልበቱ ግን ገና ነው።

ዋጋው ኪስ ይጎዳል፣ አልደብቅም። ለእያንዳንዱ የእጅ ሕመም ኤምአርአይ ተነሱ ማለቴም አይደለም። ራጁ ላይ ስብራቱ በግልጽ ከታየ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ለቀዶ ጥገና ዝግጅትም ሐኪሙ ሲቲ ስካን ሊመርጥ ይችላል። ያቺን ጎድጓዳ ጫን ብሎ የሚመረምር ሐኪም ይቅደም።

ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ አክብሬያለሁ። ሲስተርዬ፣ እጅሽ ይባረክ! ዶክተርም እግዚአብሔር ይስጥልን። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ የድሮውን ራጅ ይዛችሁ ሂዱ፤ ብየዳ ወይም ሞረዳ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሳትጠየቁ ቀድማችሁ ተናገሩ።