«አንድ ብር አይጨምርም» የተባላችሁበትን ቤት ሳትፈርሙ ይህን አንብቡ

ከአንድ የአፓርትመንት ሻጭ ቢሮ አሁን መውጣቴ ነው። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም።

ሴልሶቹን ታውቋቸዋላችሁ። «የኔ እናት፣ ሦስት ቤት ብቻ ነው የቀረን፤ ቅናሹ አርብ ያልቃል» እያሉ ቀኑን ሙሉ ይደውላሉ። መኪና ልከው ሳይቱ ድረስ ይወስዷችኋል። ቢሮ ስትገቡ ማኪያቶ ይቀርባል፣ ሞዴሉን ያሳይዋችኋል፤ ዋና ገንዳው፣ ጂሙ፣ የልጆች መጫወቻው። እኔም ባለ ሁለት መኝታውን ያዝኩ። የዕቁቤን ብርና ባንክ የነበረኝን፣ ወንድሜ ከዱባይ የላከልኝንም ጨምሬ 40 በመቶውን ከፈልኩ።

ውሉ ላይ «የምንዛሪ ለውጥ ሲኖር ዋጋው ይስተካከላል» የሚል አንቀጽ አይቼ ጠይቄያለሁ። ልጅቷ «እሱ ፎርማሊቲ ነው፤ አንድ ብር አይጨምርም» ብላ ቶሎ ገጹን ገለጠችው።

ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። ያኔ ትንፍሽ አላሉም። ክፍያዬን ሲቀበሉ ቆይተው ዛሬ «ቢሮ ብቅ ይበሉ» አሉኝ።

የፋይናንሱ ልጅ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። ውሉን ወደ እኔ አዙሮ ያንኑ አንቀጽ በስክሪብቶ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። ቀሪው በአዲሱ የካሬ ዋጋ ይሰላል አለኝ። ጭማሪው ብቻ እስካሁን ከከፈልኩት ይበልጣል! አይጨምርም ተብዬ ነው የፈረምኩት ስለው ሳቀ። «የተማሩ ሰው አይደሉ እንዴ? ፊርማው የማን ነው?» አለኝ። ካልተስማማሁ ውሉ ይፈርሳል፣ 10 በመቶ ተቆርጦ ይመለስልኛል። መቼ እንደሚመለስ ግን ሊነግረኝ አልፈለገም።

በሩ ክፍት ነበር። ያቺው ሴልስ ሁለት ወጣቶች ፊቷ አስቀምጣ «አንድ ብር አይጨምርም» ስትል ሰማኋት። ዓይን ለዓይን ተያየን። ድምፅዋን እንኳን ዝቅ አላደረገችም። ተነስቼ የደረሰብኝን ለልጆቹ ነገርኳቸው። ጥበቃ ተጠራ። ያን ያህል ብር ከከፈልኩበት ቢሮ እንደ ሌባ በክንዴ ተይዤ ወጣሁ።

ዋጋው አይጨምርም ካሏችሁ እዚያው ውሉ ላይ ይጻፉት። አንቀጹንም ሰርዘው ይፈርሙበት፣ ማህተም ያድርጉበት። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሁፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ይናገራል፤ ቢሮ ውስጥ በተፈረመ ወረቀት ብቻ ብር አታስገቡ።

እንደ እኔ ተጠርታችሁ ጭማሪ የተጠየቃችሁ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ። ተሰብስበን አንድ ጠበቃ እንያዝ።