የእርሻ ማዳበሪያና የወንዝ ውሃ፦ አዮዋ ወይስ ዴንማርክ?

ሁለቱም በአሳማ እርባታ የታወቁ ናቸው፤ ሁለቱም ከማሳ ታጥቦ በሚወርድ ናይትሬት (በማዳበሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በውሃ ሲሟሟ የሚይዘው መልክ) ይቸገራሉ። መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው።

የአሜሪካዋ ግዛት አዮዋ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ዕቅድ ወደ ወንዝ የሚገባውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በ45 በመቶ ለመቀነስ አለመች። ገበሬውን ግን አታስገድድም፤ በፈቃዱ ነው። ወጪው የሚተርፈው ከወንዙ ግርጌ ላለው ከተሜ ነው፦ የዴሞይን ከተማ ውሃ ድርጅት ናይትሬት ሲበዛ ልዩ ማጣሪያ ያስነሳል። በ2015 የማሳ ውሃ ማፍሰሻ ቦዮችን የሚመሩ የሦስት ካውንቲዎችን (የግዛቲቱን ወረዳዎች) አስተዳዳሪዎች ከሰሰ፤ በ2017 ክሱ ውድቅ ሆነ። በ2023 ደግሞ የግዛቲቱ ምክር ቤት በወንዝ ውስጥ ናይትሬት የሚለኩ መሣሪያዎችን ይደግፍ ከነበረው በጀት 500,000 ዶላር ወደ ሌላ ሥራ አዞረ። የሚለካ ከሌለ እንግዲህ በምን ይከራከራሉ?

ዴንማርክ ከ1987 ጀምሮ በሕግ ሄደችበት። ገበሬው የተጠቀመውን ማዳበሪያ በሒሳብ መዝገብ ለመንግሥት ያሳውቃል፤ ከተፈቀደለት ጣሪያ ካለፈ ይቀጣል። ከማሳ የሚሰርገው ናይትሮጅን እስከ 2003 ድረስ በግማሽ ያህል ቀነሰ። እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ መዝገቡን የሚመረምር ባለሙያ ደመወዝ እስካገኘ ድረስ ማለቴ ነው። ተቆጣጣሪ የሌለው ደንብ ከአዮዋው ፈቃደኝነት በምን ይሻላል?

ዴንማርክም ቢሆን አልጸዳችም። ገበሬዎች ምርታችን ተጎዳ ብለው ስለጮኹ ጣሪያው ከ2015 ወዲህ ላላ፤ የባሕር ሰርጦቿ ዛሬም ናይትሮጅኑ በሚያመጣው የኦክስጅን እጥረት ዓሣ ያጣሉ።