«በቃ» የሌለበት የሥዕል ካርድ ሣጥን

ልጄ አራት ዓመት ከአምስት ወሩ ነው። ኦቲዝም እንዳለበት የተነገረን ሦስት ዓመት ሳይሞላው ነው። ድምፅ የለውም ማለት አይደለም። ይዘምራል፣ የሰማውን ማስታወቂያ ከነዜማው ይደግማል። «ስጪኝ» ግን አይልም። የሆነ ነገር ሲያምረው እጄን ይዞ ይጎትተኛል። ጣቴን እንደ ቁልፍ ወስዶ በሩ ላይ ያሳርፋል። ካልገባኝ ያለቅሳል። አንዳንዴ እኔም አብሬው።

የሥዕል ካርዱን ሣጥን የገዛሁት እንዲህ በሆንኩበት ሰሞን ነው። ስምንት ወር ስለተጠቀምንበት ልናገር እችላለሁ። ውስጡ 200 ካርድ፣ ካርድ መለጠፊያ ቬልክሮ የተሰፋበት ወፍራም ማህደር፣ ዓረፍተ ነገር መደርደሪያ አንድ ቁራጭ ሰሌዳና ስስ መመሪያ አለ። ክዳኑ ላይ በትልቁ «በ30 ቀን ልጅዎ ይናገራል» ይላል። ይህቺን ዓረፍተ ነገር የጻፈውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኛል።

ዘዴው ራሱ ግን የዋዛ አይደለም። ፔክስ (PECS) ይባላል፤ ሥዕል ለሰው በመስጠት መግባባት ማለት ነው። አንዲ ቦንዲ እና ሎሪ ፍሮስት የተባሉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ፣ ዴላዌር ውስጥ የጀመሩት ነው። ስድስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያው ደረጃ ልጁ ሥዕሉን አንስቶ በሰው እጅ ላይ ያኖራል። ሰውየውም የተሣለውን ነገር ወዲያው ይሰጠዋል። መጠቆም ሳይሆን መስጠት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ጥግ ይዞ ሥዕል የሚነካ ልጅ ለማንም ምንም አልተናገረም። ለመስጠት ሰው ጋ መሄድ አለበት።

ለዚህ ደረጃ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ያስፈልጋሉ። አንዱ ፊት ለፊት ሆኖ ልጁ የሚወደውን ነገር ይይዛል። ሌላው ከኋላ ተቀምጦ የልጁን እጅ ይመራል፤ ትንፍሽ አይልም። መመሪያው ለዚህ ትልቅ ጉዳይ የሰጠው ግማሽ መስመር ነው! እኔም ሳላስተውለው አልፌ ሁለት ሳምንት ብቻዬን ደከምኩ። እጄን ዘርግቼ «ስጠኝ፣ ስጠኝ የኔ ጌታ» እላለሁ፣ እሱም ይሰጠኛል። ሠራ ብዬ ነበር። የንግግር ባለሙያዋ አይታን ፈገግ አለችና «እሱኮ የሚጠብቀው ያንቺን ስጠኝ ነው፤ ዝም ብትዪው አይመጣም» አለችኝ። ዝም አልኩት። አልመጣም።

ከኋላ የምትቀመጠው ታናሽ እህቴ ሆነች። ዝም በይ ቢሏት ከማይሆንላቸው ሰዎች አንዷ ናት፤ አፏን በስካርፏ ሸፍና ነው የተቀመጠችው። የሳሙና አረፋ መረጥን፣ ምክንያቱም ብቻውን መንፋት አይችልም፣ ሰው ያስፈልገዋል። መጀመሪያ እጁን ሙሉ በሙሉ ይዛ መራችው። ቀጥሎ አንጓውን ብቻ። ከዚያ ክርኑን ነካ አድርጋ ተወችው። በሦስተኛው ቀን ማታ ማንም ሳይነካው ካርዱን አንስቶ መዳፌ ላይ አኖረው። ደንግጬ መንፋቱን ረሳሁት። እህቴ ከኋላ «ንፊለት እንጂ!» ብላ ጮኸች።

ወደ ሣጥኑ ልመለስ። ከ200ው ካርድ የተጠቀምኩት 11 ብቻ ነው። ሥዕሎቹ የካርቱን ናቸው። ካርዱ ላይ ያለው ኩባያ አረንጓዴ ነው፣ ጆሮም አለው። የልጄ ኩባያ ሰማያዊ ነው፣ ጆሮ የለውም። ለእሱ ሁለቱ አይዛመዱም። የራሱን ኩባያ፣ የራሱን ብርድ ልብስ፣ የሚወደውን ዥዋዥዌ በስልክ ፎቶ አንስቼ አሳተምኩ። በአንድ ሳምንት ለይቶ መምረጥ ጀመረ። ጉማሬ ግን አለ በሣጥኑ ውስጥ። «ጉማሬ ስጪኝ» የሚል ልጅ ያላችሁ ካላችሁ በነፃ እሰጣችኋለሁ።

በጣም ያናደደኝ ግን የሌለው ነገር ነው። አውሮፕላን አለ፣ ዘውድ አለ፣ «በቃ» የለም። «እርዱኝ» የለም። «ልረፍ» የለም። ልጄ የሚነክሰው፣ ራሱን ከግድግዳ የሚያጋጨው ዘውድ አጥቶ አይደለም። ጥፍሩን ስቆርጥ፣ ጫጫታ ሲበዛበት፣ ልብስ ሲቆረቁረው ነው። ይቅርብኝ የሚልበት መንገድ ስለሌለው ነው። ስለዚህ ራሴ ሠራሁ። የራሴን መዳፍ ፎቶ አንስቼ ቀይ ዳር አደረግኩለት።

ማስተማሩ ከባድ አልነበረም፤ ማክበሩ ነው ከባድ። ካርዱን ሲሰጥ ወዲያው ማቆም አለብህ፣ አለዚያ ካርዱ ዋጋ የለውም። አንድ ወር ሙሉ ልጄ ካርዱን በሁሉም ነገር ላይ ይሰጠን ነበር። ገላውን ሲታጠብ በቃ። ካልሲ በቃ። እኔ ስዘፍንለት በቃ። ፀጉሩን በቤት ስንቆርጠው በግማሽ አቆመን፤ ሁለት ቀን በአንድ ወገን ጎፈሬ፣ በአንድ ወገን ተላጭቶ ዋለ። ባለቤቴ «ይሄን ካርድ ማን ነው የፈጠረው?» እያለ ሲያጉረመርም ነበር። ንክሻው ግን ቀነሰ። ክንዴ ይመሰክራል።

ጥራቱን ላንሳ። ማህደሩ ጠንካራ ነው፣ ተረግጦም ተወርውሮም አልተቀደደም። ካርዶቹ ላይ ያለው ላስቲክ ግን ሁለት ወር ሳይሞላው ከጫፉ መላጥ ጀመረ፣ ልጄም ያኝከዋል። ቬልክሮው ሲላቀቅ የሚያወጣው ድምፅ መጀመሪያ ጆሮውን ያስይዘው ነበር። ረጅሙን ቆርጬ ትንሽ ክብ ብቻ ስተው ተሻለው። ለሻጩ ጻፍኩ። ፎቶ ላኪ አሉኝ፣ ላክሁ፣ ጠፉ።

እናቴ «ካርድ ከለመደ መናገር ይሰንፋል» ብላ ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ይፈራል። ጥናቶች ግን ደጋግመው ያሳዩት ሥዕል ንግግርን እንደማያግድ ነው። የእኔ ልጅ አሁን የአረፋውን ካርድ ሲሰጠኝ «አፋ» ይላል። ካርዱ ነው ያናገረው ብዬ አልምልም። ዕድሜውም አለ፣ የባለሙያዋ ድካምም አለ።

ማህደሩ ብቻውን ቢሸጥ ግዙ እላችኋለሁ። ሣጥኑን ግን አልመክርም። ጠንካራ ክላሰር፣ ጥቅል ቬልክሮና የስልካችሁ ካሜራ ይበቃችኋል። ዝም የምትል እህት ካገኛችሁማ!

ትናንት ማታ አባቱ ዜና እያየ ነበር። ልጁ መጣና ቀዩን ካርድ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ቆመ። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ አየ። ሪሞቱን አነሳና ቴሌቪዥኑን አጠፋው።