ዓባይ ማዶ ግቢያችን ውስጥ ሞተራችንን ፈትተው ለገጠሙልን መካኒክ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አንድ መካኒክ በሰው ፊት መመስገን ስላለባቸው ነው። የፒክአፓችንን ሞተር እዚሁ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ግቢያችን ውስጥ አውርደው፣ እስከ መጨረሻው ቡሎን ፈትተው፣ መልሰው ገጥመው አስነሥተውልናል። መኪናዋ ከዚያ ወዲህ ከወረታ ሩዝ ስታመላልስ ከርማለች፤ በቅርቡ ደግሞ ጭነት ይዛ ዓባይ በረሃን ወጥታዋለች። የሙቀት ጌጁ ከመሃል ፈቀቅ አላለም። እስካሁን ሳልጽፍ የቆየሁትም ያንን ዳገት እስክትወጣ ስጠብቅ ነው።

ስማቸውን አደባባይ እንዳላወጣ ለምነውኛል። «ሥራ ሲበዛብኝ የያዝኩትን አበላሻለሁ» ነው ያሉኝ። ስለዚህ እዚህ ጋሼ እያልኩ ብቻ እቀጥላለሁ፤ ለቸገረው ሰው ግን ስልካቸውን በውስጥ መስመር እንድሰጥ ፈቅደውልኛል።

መኪናዋ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ሞተሯ ፋይቭ ኤል የሚባለው ባለ አራት ሲሊንደር ናፍጣ ነው፣ 2,986 ሲሲ፤ ብዙ ሚኒባሶች ላይም ያለው ዓይነት። ችግሩ የመጣው ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ነው። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለውን ዳገት የነዳ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፣ ሞተር ፋታ አያገኝም። እዚያ ላይ ጌጁ ወደ ቀይ ወጣ። ወንድሜ ዳር ይዞ አቆማት፣ አቀዘቀዛት፣ ቀስ እያለ ቤት አደረሳት። በማግስቱ ስትነሣ ነጭ ጭስ ትተፋለች፣ የራዲያተሩ ውኃ ይጎድላል፣ የዘይቱ ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ለጥፏል። የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ አካልና በላይኛው ክፍሉ በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ፣ መሄዱን እኛም አላጣነውም።

መጀመሪያ ያሳየነው ጋራዥ፣ ስሙን አላነሳም፣ ኮፈኑን ከፍቶ ምንም ሳይለካ «ይህ ሞተር አልቋል፣ ሙሉ ሞተር ግዙ» አለን። የሙሉ ሞተር ዋጋ ዛሬ የት እንደደረሰ የጠየቀ ያውቀዋል። ያ ገንዘብ ለኛ የዓመት ሩዝ መግዣ ነው። ግራ ገብቶን ሳለን ጋሼን የጠቆመን ጎረቤታችን ነው፤ እግዜር ይስጠው።

ጋሼ የመጡ ዕለት ምንም አልፈቱም። ወንድሜን አስቀምጠው ጠየቁት፦ ሲግል የት ቦታ ነበርክ፣ ስንት ጭነሃል፣ ውኃ ስትጨምር ሞተሩ ቀዝቅዞ ነበር ወይ፣ ከዚያ በፊት ጠዋት ጠዋት ስትነሣ ምን ትመስል ነበር። ቀጥለው አራቱን ካንዴሌታ (ለማስነሣት ሲሊንደሩን የሚያሞቁትን) አወጡና የየሲሊንደሩን ግፊት ለኩ። አንደኛውና አራተኛው ደህና ናቸው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው አብረው ወርደዋል። «ጎን ለጎን ያሉት አብረው ሲወርዱ ጓርኒሲዮኑ በመካከላቸው ተቃጥሏል ማለት ነው። ከፍተን እናያለን እንጂ አልቋል የሚያስብል ነገር ገና አላየሁም» አሉን። ከዚያ በፊት ማንም እንዲህ ረጋ ብሎ አላስረዳንም።

እዚሁ ግቢ እንፍታው ያሉትም ራሳቸው ናቸው። ወለላችን ሲሚንቶ ነው፣ ከላዩ ቆርቆሮ አለው። መኪና ለጋራዥ ያስረከበ ሰው ሌሊት የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ ዕቃዬ ይቀየርብኝ ይሆን? እሳቸው ይህን ስጋት ሳንናገረው አወቁት። የእጅ ዋጋቸውን በወረቀት ጻፉልን። ዕቃውን እኛ ራሳችን ገዝተን ደረሰኙን እንድንይዝ፣ የወጣው አሮጌ ዕቃ ሁሉ እዚያው ግቢ እንዲቀር ተስማማን። ዛሬም ጆንያ ሙሉ አሮጌ ብሮንዚና (የሚሽከረከር ዘንግ የሚያርፍበት ስስ ብረት) እና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ቤታችን ተቀምጧል።

ሞተሩ በፓራንኮ፣ በሰንሰለት ማንሻው፣ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሥራቸውን በቅርብ አየሁት። አብራቸው የምትሠራ አንዲት ወጣት ሴት አለች፣ ሙያውን ኮሌጅ ተምራ በእጇ ሥራውን እሳቸው ዘንድ የያዘች። የሚፈታውን ሁሉ የምትመዘግበው እሷ ናት። የቴስታታው ቡሎኖች ከዳር ወደ መሃል በየተራ ላላ ላላ እየተደረጉ ወጡ፤ ሲመለሱ ደግሞ ከመሃል ወደ ዳር እንደሚሆን ነገረችኝ፣ አለዚያ ቴስታታው ይጣመማል። የየቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ክንድ) ኮፍያ ከራሱ ቢየላ ጋር እንዳይለያይ ቁጥሩ እየታየ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ቡሎኑ ሁሉ በየጣሳው፣ በየጣሳው ላይ ወረቀት። ለሐይቅ ቅርብ የሚኖር ሰው የምሽቱን ትንኝ ያውቃል፤ መብራት ካየ ይወርራል። ጋሼ አመሻሽ ላይ የተከፈተውን ሲሊንደር በንጹሕ አቡጀዲ ሳይሸፍኑ አንድ ቀንም ወደ ቤታቸው አልሄዱም።

ከዚያ መለካት መጣ። ጋሼ ወጣት ሳሉ የተማሩት ፖሊ፣ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ነው፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው ግቢ፤ «እዚያ ሳትለካ ብትናገር መምህሩ ያስወጣህ ነበር» ይላሉ። የክራንክሻፍቱ፣ የሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ፣ ብሮንዚና ላይ ስስ የፕላስቲክ ክር አስቀምጠው ኮፍያውን በልኩ አጥብቀው ፈቱት፤ ክሩ ምን ያህል እንደተዘረጋ በመለኪያ ወረቀቱ አይተው በብረቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት አነበቡ። ብሮንዚናው መቀየር ነበረበት፣ ክራንክሻፍቱ ግን መቆረጥ፣ ማለትም በማሽን መላግ፣ አላስፈለገውም። ሲሊንደሮቹ በሚፈቀደው ልክ ውስጥ ናቸው፤ ግድግዳቸው በድንጋይ ተሻሽቶ አዲስ ፋሻ ይበቃቸዋል ተባለ። እኔ በፍርሃት «ጋሼ፣ ፒስተኑንም አዲስ እንግዛና እንገላገል» ብላቸው «ልጄ፣ ደህና ፒስተን አስጥዬ ገንዘብሽን ለምን አስወጣሻለሁ?» አሉኝ። ሥራውም ዕቃ መምረጡም በሳቸው እጅ ነው፣ ግዢ ቢሉኝ እገዛ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነው የምጠቁማችሁ።

ቴስታታውን በባጃጅ ጭነን ድልድዩን ተሻግረን ማሽን ሾፕ ወሰድነው። ውኃ ውስጥ ተነክሮ በአየር ግፊት ተፈተነ፤ ስንጥቅ አልተገኘበትም፣ ፊቱ ብቻ ስስ ተደርጎ ተላገ። ይህ ሞተር አንዴ ከጋለ ቴስታታው በቫልቮቹ መካከል የመሰንጠቅ ልማድ ስላለው ጋሼ ያለዚህ ምርመራ አልገጥምም ብለው ነበር። ጓርኒሲዮኑን ስንገዛም ዝም ብሎ «የፋይቭ ኤል» ማለት እንደማይበቃ ከሳቸው ተማርን። ውፍረቱ ሦስት ዓይነት ነው፣ ቢ፣ ዲ እና ኤፍ የሚል ምልክት አለው። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል ብቅ እንደሚል በዳያል ጌጅ ይለካና የሚስማማው ይመረጣል። ሱቅ ውስጥ ያገኙትን የሚገጥሙ ብዙ ናቸው፤ እኛ ግን ልኩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠበቅን። መጠበቁ አሰልቺ ነበር፣ አልደብቅም። ጋሼ ግን አልቸኮሉም።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ለሚቀጥለው ነገር ነው። «ጓርኒሲዮን በራሱ አይቃጠልም። ያቃጠለውን ካላገኘን ተመልሳችሁ ትጠሩኛላችሁ» ብለው ወደ ራዲያተሩ ዞሩ። መጀመሪያ ያዩት ክዳኑን ነው። ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን ነው የተማርነው፣ እሱ ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ደጀን ላይ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ። የራዲያተር ክዳን ሥራ ውኃውን በግፊት ይዞ የሚፈላበትን ሙቀት ከ100 በላይ ከፍ ማድረግ ነው። የኛ ክዳን ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ግፊት አይዝም፤ ዳገት ላይ ውኃው ቀድሞ ይፈላል ማለት ነው። በጣም ርካሹ ዕቃ ነበር፣ ማንም አላየውም።

ራዲያተሩ ራሱ ለዓመታት በገባበት ተራ ውኃ ግማሹ ቱቦ በዝገትና በኖራ ተደፍኗል። ቴርሞስታቱ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚይዘው መዝጊያ፣ ደግሞ ጭራሽ የለም፤ ከኛ በፊት የነበረ ባለቤት አውጥቶታል። ጋሼ ሲቆጡ ያየኋቸው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ሙቀት እንዳይበዛ ተብሎ ቴርሞስታት ማውጣት በየመንገዱ የተለመደ ነው፤ የሚያስከትለው ግን ተቃራኒውን ነው። ሞተሩ ጠዋት ቶሎ ስለማይሞቅ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ሲሊንደሩም ያለ ጊዜው ይበላል። ሲግል ደግሞ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ሊዘጋው የሚገባው አጭር መዞሪያ ክፍት ስለሚቀር ከውኃው ከፊሉ ራዲያተሩ ሳይደርስ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይዞራል። አሁን አዲስ ቴርሞስታት፣ አዲስ ክዳን፣ የታጠበ ራዲያተር፣ ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውኃ ጋር የተቀላቀለ ኩላንት አላት። ጽሑፌን አንብባችሁ ሌላውን ብትረሱ እንኳ ኮፈን ከፍታችሁ የራዲያተር ክዳናችሁን ጎማ እዩልኝ፤ ታዲያ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ።

የመግጠሙን ነገር አላረዝመውም። ሁሉም በዘይት እየራሰ ገባ፣ የፋሻዎቹ አፍ አንድ መስመር ላይ እንዳይገጥም ተለያየ፣ ቡሎኑ በቶርክ ሬንች ጠበቀ፣ የታይሚንግ ቺንጋው አዲስ ሆነ፣ የቫልቭ ክፍተቱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ለአየር ማስገቢያው ከ0.20 እስከ 0.30፣ ለጭስ ማውጫው ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተስተካከለ። የማስነሻው ዕለት የፖምፓውን የነዳጅ መዝጊያ ሽቦ ነቅለው ሞተሩን በሞተሪኖው (በማስነሻው) ብቻ አዞሩ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ፤ ደረቅ ብረት በደረቅ ብረት ላይ እንዳይነሣ ነው። ከዚያ ሽቦው ተመለሰና ተነሣች። እናቴ እልል አለች። ጋሼ ጭሱን እያዩ ለረጅም ጊዜ ቆሙ፣ ምንም አላሉም፣ ብቻ ለልጅቷ መፍቻውን ሰጥተው «ነይ፣ የሚያፈስ ካለ እይ» አሏት።

ከተረከብን በኋላም አልተዉንም። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች እንደሄደች መጥተው ዘይቱን ቀየሩ፣ ከሥር ያለውን ሁሉ ፈተሹ፤ ገንዘብ አልጠየቁም።

ልትደውሉላቸው የምታስቡ ይህን እወቁ። የሚሠሩት እንደኛ ዓይነት ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ ናፍጣ ሞተር ነው፤ ኮመን ሬል፣ ማለትም ነዳጁ በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ ከሆነ «የኔ ሥራ አይደለም» ብለው ለሚችለው ያስተላልፏችኋል። አንድ ሞተር ሳይጨርሱ ሌላ አይጀምሩም፣ ስለዚህ ወረፋ አለ። ቤታችሁ ለመሥራት ደረቅና ደልዳላ ወለል፣ ከዝናብ የሚከልል ጣሪያ፣ መብራት ያስፈልጋል። ጎረቤትም ቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ ድምፅ አለው። ጋራዥ ያላችሁ ደግሞ አብራቸው የምትሠራዋን ልጅ አስቡልኝ፤ ጋሼ ራሳቸው «ለብቻዋ ሞተር ማውረድ ትችላለች» ብለው መስክረውላታል፣ እሷም ቋሚ ሥራ ትፈልጋለች። የሷንም ስልክ እሰጣለሁ።

ጋሼ፣ እናቴ ቡናው ሁልጊዜ አለ ብላለች። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።