የመረብ ቆዳና ባለቀዳዳ ሲምባል፦ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ድራም ያስመታሉ?

እነዚህ ድምፅ ቀናሽ የድራም ዕቃዎች ጥሩ ናቸው፤ ታች ያለውን ጎረቤት ግን ለብቻቸው አያስተኙም። ገዝተው የሚናደዱ ሰዎች አብዛኞቹ የሚናደዱት ይህን ቀድሞ የነገራቸው ስለሌለ ነው።

ሬሞ ሳይለንትስትሮክ የሚባለው የመረብ ቆዳና የዚልጂያን ኤል80 ሲምባል (የብረት ሳህን) ያለውን ድራም ሳይቀይሩ ድምፁን ለመቀነስ የሚያገለግሉ ናቸው። ቆዳው እንደ ወንፊት አየር ያሳልፋል፤ ስቲኩ (መምቻ ዱላው) ሲያርፍበት አየሩን ስለማይገፋው ጩኸቱ እዚያው ይሞታል። ሲምባሉ ደግሞ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳ ነው። ፋብሪካው ከተለመደው ሲምባል እስከ 80 በመቶ ድምፁ ያነሰ ነው ይላል። «እስከ» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉ፤ በከባድ ስቲክ ለሚደበድብ ሰው አትሠራም። በቀጭኑ 7ኤ ወይም በመካከለኛው 5ኤ ስቲክ ሲመታ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ሳይጮኹ መነጋገር ይቻላል። መብራት ሲጠፋም ልምምዱ አይቋረጥም፤ ኤሌክትሪክ ድራም ለማዘዝ የሚያስብ የደሴ ሰው ይቺን ቀድሞ ያስላት።

ሲምባሎቹ ከጠበቅነው በላይ ናቸው። 14 ኢንች ሃይሃት (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋ ጥንድ ሲምባል)፣ 16 ክራሽና 18 ክራሽ ራይድ (ለብቻቸው የሚሰቀሉ ሲምባሎች) ያለው ስብስብ ለልምምድ ይበቃል። ድምፃቸው ቀጭን ቢሆንም ሃይሃቱ ሲከፈትና ሲዘጋ ልዩነቱ በደንብ ይሰማል፤ ችክችካ ለሚለማመድ ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ሲምባል ላይ የሚለጠፈው የጎማ ማፈኛ ርካሽ ነው፤ ግን ስቲኩ የሞተ ነገር ላይ ያረፈ ያህል ስለሚሆን እጅ ምንም አይማርም።

ቆዳው ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት መጠን ነው። ደሴ ሱቅ ገዝተው ልክ ካልሆነ የሚመልሱት ዕቃ ስላልሆነ፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ለሚያመጣው ሰው ትክክለኛውን ቁጥር መንገር ግድ ነው። «ቶሙ መካከለኛ ነው» ማለት አይበቃም፤ አንዱ ድራም 10፣ 12፣ 14 ኢንች ቶም (ከላይና ከጎን የሚቀመጡት ድራሞች) ሲኖረው ሌላው 12፣ 13፣ 16 ነው። ብረት ቀለበቱን ሳይሆን ቀለበቱና ቆዳው ከወለቁ በኋላ የእንጨቱን አፍ ከጫፍ ጫፍ ይለኩ። 30.5 ሴንቲ ሜትር 12 ኢንች ነው፣ 33 ሴንቲ ሜትር 13፣ 35.6 ደግሞ 14።

ሲገጠም ብሎኖቹ መጀመሪያ በጣት ብቻ እስኪይዙ ይጠበቃሉ። ከዚያ በድራም ቁልፍ ግማሽ ዙር አንዱን፣ ግማሽ ዙር ፊት ለፊቱ ያለውን እያሉ እየተሻገሩ ማጥበቅ ነው። በክብ ተራ የሚያጠብቅ ሰው መረቡን በአንድ በኩል ስለሚጎትተው ስቲኩ ወዳልታሰበበት ይፈናጠራል። መረብ እንደ ፕላስቲክ ቆዳ በጆሮ አይቃኝም፤ የሚቃኘው ስቲኩ በሚመለስበት ልክ ነው። በጣም ከጠበቀ ስቲኩን እንደ ኳስ ያነጥራል፣ ሰነፍ እጅም ፈጣን መስሎ ይታያል። እዚህ ላይ የተሸወደ ድራመር መድረክ ላይ እውነተኛ ቆዳ ሲያጋጥመው ይጋለጣል። ስለዚህ ስኔሩን (ከሥሩ ሽቦ ያለውን ድራም) ትንሽ ላላ ማድረግ፣ ከልምምዱም የተወሰነውን ደቂቃ በጎማ ፓድ ላይ ማሳለፍ ይሻላል።

ስኔሩ ላይ ሁለት ነገር ይቀራል። ከሥር ያለው ሽቦ ቶሙ በተመታ ቁጥር ይንጫጫል፤ በማታ ልምምድ ማውረድ ነው። ብረት ቀለበቱ ደግሞ ምንም አልተቀየረም፣ ሪምሾት ሲመታ (ስቲኩ ቆዳውንና ቀለበቱን አብሮ ሲመታ) እንደ ድሮው ይጮኻል። ቀጭን የውሃ ጎማ በቁመቱ ሰንጥቆ ቀለበቱ ላይ ማልበስ ይፈታዋል፤ ርዝመቱን በቀለበቱ ዙሪያ ለክተው ይቁረጡ። ይህ ጠርዙ ለታጠፈው ቀጭን ቀለበት ነው እንጂ ወፍራሙ ቀለበት ላይ አይያዝም።

አሁን ወደ እግሩ እንምጣ፤ የጎረቤት ጭቅጭቅ የሚመጣው ከዚህ ነው። የባዝ ድራሙ (በእግር ፔዳል የሚመታው ትልቁ ድራም) መረብ በአየር የሚሄደውን ድምፅ ይቀንሰዋል፣ ፔዳሉ ግን ወለሉ ላይ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ምት በፔዳሉ እግር ወደ ሲሚንቶው ይገባል፣ ከዚያ ታች ቤት ኮርኒስ ላይ «ዱም» ይላል። የሃይሃቱ ማቆሚያም እንዲሁ። ወፍራም ምንጣፍ ማንጠፍ ዕቃው እንዳይንሸራተት ይረዳል እንጂ ይህን አያቆምም። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የእንቁላል ትሪማ ለጎረቤት ምንም አይፈይድም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ትንሽ ቢቀንስ ነው።

የሚሠራው ተንሳፋፊ መደብ ነው። 122 በ244 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) አናጢ ዘንድ ለሁለት ይቆረጥ፤ ሁለት 122 በ122 ሰሌዳ ይወጣዋል። ሁለቱን ደራርበው አንድ ላይ ሦስት በሦስት ዘጠኝ ቀዳዳ ያስበሱ፤ የእያንዳንዱ ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር፣ የዳር ዳሮቹ ቀዳዳዎች መሐል ከሰሌዳው ጠርዝ 10 ሴንቲ ሜትር ገባ ያለ። በዘጠኙ ቀዳዳ ላይ ዘጠኝ የቴኒስ ኳስ ይቀመጥና ሌላው ሰሌዳ ከላይ ይጫንበታል። ኳሱ ከቀዳዳው ስለሚበልጥ ወለሉን አይነካም፣ ሰሌዳውም አይንሸራተትም። ላዩ ላይ ምንጣፍ፣ ከዚያ ባዝ ድራሙ ከነፔዳሉ፣ ስኔሩና ሃይሃቱ። ወንበሩና ወለል ላይ የሚቆመው ቶም ውጭ ይቅሩ።

«ኳስ በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚሉ አሉ፤ ተሳስተዋል። የድራሙ ክብደት ኳሱን ትንሽ ካልጨፈለቀው መደብ አልተሠራም፣ እንደ ድንጋይ ደርቆ ምቱን ያሳልፋል። ሁሉም ነገር ተጭኖ በእጅ ሲገፉት በስሱ ከተወዛወዘ ልክ ነው። መደቡ ግድግዳም ሆነ የአልጋ እግር እንዳይነካ፤ በአንድ ቦታ ከነካ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። ኤምዲኤፍ ውሃ ይጠጣል፣ በክረምት የደሴ ወለል ሲረጥብ ከሥሩ ላስቲክ ማንጠፍ ነው። የቴኒስ ኳስ ያጣ ሰው አራት የባጃጅ ካላማዳሪ ግማሽ ድረስ ነፍቶ ከሰሌዳው ሥር ሊያደርግ ይችላል፤ ይሠራል፣ ግን ይበልጥ ይወዛወዛል፣ አየሩም በየጊዜው መታየት አለበት።

ኮምቦልቻ ግቢ ቤት ያለው ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ ከሥሩ የሚኖር የለም። የእሱ ችግር ሙቀቱ የሚያስከፍተው መስኮት ስለሆነ ቆዳውና ሲምባሉ ብቻቸውን ይበቁታል።

ብር የሚያንሰው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግን ተራውን ይገልብጠው፦ መጀመሪያ መደቡ፣ ከዚያ የባዝና የስኔር መረብ፣ ከዚያ ሲምባሎቹ፣ ቶሞቹ ላይ ለጊዜው ፎጣ። የባዙ መረብ ላይ የፔዳሉ መምቻ የሚያርፍበትን ቦታ ወፍራም ልጣፍ ይለጥፉበት፣ መምቻውም የፕላስቲክ ሳይሆን የሱፍ ይሁን፤ ያለዚያ መረቡ እዚያው ቦታ ላይ ይተረተራል። መደቡ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ስለሚያስነሳም ወንበሩን በዚያው ልክ ከፍ ማድረግ እንዳይረሳ፤ ካልሆነ ጉልበት ከወገብ በላይ ወጥቶ እግር በ10 ደቂቃ ይዝላል።