አንድ ቢራ፣ ሦስት ቦታ፦ ድሬ ላይ አይፒኤ ስንት ቀን ይቆያል?

ግንቦት ላይ የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ስድስት ጣሳ ቢራ ሻንጣው ውስጥ ይዞልኝ መጣ። አይፒኤ የሚሉት ዓይነት ነው። ሆፕስ የሚባለው አበባ የበዛበት፣ መራራ፣ ሲከፈት ብርቱካን ልጣጭና ማንጎ የሚሸት። ጣሳው ሥር የታሸገበት ቀን ተጽፏል፤ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። ሁለቱን የዚያኑ ማታ ጠጣናቸው። የቀሩትን ለሙከራ ለየኋቸው።

አንዱ ፍሪጅ ገባ። አንዱ ድሬ ከዚራ ያለው ቤታችን ብፌ ላይ ተቀመጠ። ሦስተኛውን ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ለሚኖረው የአክስቴ ልጅ ላክሁት፤ ጓዳ ወለል ላይ አስቀመጠልኝ። አራተኛው ለሙከራው አልደረሰም፤ ሙቀቱ አላስቻለኝም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሦስቱንም አንድ ማታ ፍሪጅ አስገብተን እኩል አቀዘቀዝናቸውና በሦስት ብርጭቆ ቀዳናቸው። የፍሪጁ እንደ መጀመሪያው ቀን ነበር ማለት ይቻላል። የሐረሩ ሽታው ትንሽ ቀነስ ብሏል፤ ሳይነግሩህ ብትጠጣው ግን አታውቅም። የብፌው ቀለሙ ጠቆር ብሏል። ማንጎው የለም። በሱ ቦታ ያረጀ ማር የመሰለ ጣዕም መጥቷል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ዝናብ የነካው ካርቶን። የአጎቴ ልጅ አንዴ ተጎንጭቶ ብርጭቆውን ገፋ አደረገው። «ኧረ ይሄ የኔ ቢራ አይደለም!»

የሱ ቢራ ነው። ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ቀን የታሸገ። ልዩነቱ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው።

ሆፕስ የሐረግ አበባ ነው፤ ለቢራ ምሬትም ሽታም ይሰጣል። ከጌሾ ጋር ዝምድና የላቸውም፣ ሥራቸው ግን ይቀራረባል። ጠላ ጠምቆ ዓመት የሚያስቀምጥ ሰው አላየሁም። ቢራ ሲሆን ግን ቆርኪው ስለተደፈነ ብቻ የማያረጅ ይመስለናል። ያረጃል። ጠርሙስም ሆነ ጣሳ ሲሞላ ትንሽ ኦክስጅን አብሮ ይገባል፤ ያቺ ትንሽ ኦክስጅን ቀስ እያለች ሥራዋን ትሠራለች። መጀመሪያ የሚሄደው ሽታው ነው። ምሬቱ ቆይቶ ነው የሚለዝበው። ለዚህ ነው አሮጌ አይፒኤ ምሬቱ ብቻ ቀርቶ ቅጠል እንደማኘክ የሚሆነው። ፓስቸራይዝ ማድረግም ይህንን አያስቆምም፤ እሱ የሚገድለው ጀርም ነው።

ይህን ሁሉ የሚያፋጥነው ሙቀት ነው። ቢራ ሠሪዎች ግርድፍ የሆነች ስሌት አለቻቸው፦ 3፣ 30፣ 300። ቢራ በ32 ዲግሪ 3 ቀን ሲቀመጥ የሚያረጀውን ያህል፣ በ22 ዲግሪ ለማርጀት 30 ቀን፣ በ3 ዲግሪ ደግሞ 300 ቀን ይፈጅበታል። እንግዲህ ድሬ ላይ ግንቦትና ሰኔን አስቡት። የኔ ብፌ ላይ የከረመው ጣሳ በዚህች ስሌት ቀዝቀዝ ባለ ቤት ሰባት ወር እንደተቀመጠ ነው የሚቆጠረው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናት፣ ድሬ ወደ 1,200። መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ለቢራ ግን የደንገጎን ዳገት መውጣት አገር እንደመቀየር ነው።

ስለዚህ መደርደሪያ ላይ የቆመ ቢራ ከሆነ የሐረሩ ከድሬው ይሻላል። ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ የትም ይሁን ግድ የለም። «ቀዝቅዞ፣ ሞቆ፣ እንደገና የቀዘቀዘ ቢራ ይበላሻል» የሚባለውን አትስሙ። መብራት ሄዶ ከሰዓታት በኋላ ቢመጣ ቢራው ምንም አይሆንም። የሚቆጠረው በጠቅላላ ሙቀት ውስጥ ያሳለፈው ጊዜ ነው። ከሐረር በሚኒባስ ሲወርድ አንድ ሁለት ሰዓት መሞቁ አያሳስብም። ሁለት ወር የቆርቆሮ ጣራ ሥር መክረሙ ነው የሚያሳስበው።

ጣሳ ወይስ ጠርሙስ? ለአይፒኤ እኔ ጣሳ እመርጣለሁ። «ጣሳ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል» የሚሉ አሉ፤ ውስጡ ስስ ሽፋን አለው፣ ቢራው ብረቱን አይነካውም። ብርጭቆ ላይ ቀድታችሁ ጠጡ፣ ክርክሩ ያበቃል። ጣሳ ብርሃን አያሳልፍም፣ አንዴ ከታሸገ በኋላም ኦክስጅን የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። የጠርሙስ ቆርኪ ግን ከውስጥ ያለችው ለስላሳ ሽፋን በወራት ውስጥ ትንሽ ትንሽ አየር ታስገባለች። ይባስ ብሎ የሆፕሱን ሽታ ራሷ ትመጠዋለች። ለተራ ላገር፣ በየቦታው ለምንጠጣው ቀለል ያለ ቢራ፣ ይህ ብዙ አይታወቅም። ሽታ ለገዛ ሰው ግን ይታወቃል።

ጠርሙስ ከሆነ ቡናማ ይሁን። ቡናማ ጠርሙስ ጎጂውን ብርሃን በአብዛኛው ያግደዋል። አረንጓዴው ብዙም አያግድም፣ ነጩ ጭራሽ። ብርሃን የሆፕሱን መራራ ንጥረ ነገር ሲሰብረው የሚወጣው ሽታ ክፉ ነው። ፈረንጆቹ ስካንክ በሚሉት፣ ሲያስፈራሩት ግም ሽታ በሚረጭ አውሬ ነው የሚመስሉት። አውሬው እኛ አገር የለም፤ እኔ ጎማ ሲቃጠል ነው የሚመስለኝ። ለዚህ ደግሞ ወር አያስፈልግም። ነጭ ጠርሙስ የድሬ ፀሐይ ላይ ደቂቃዎች ይበቁታል። በረንዳ ላይ ብርጭቆ ይዛችሁ ስትቀመጡ ጥላ የምትፈልጉት ለራሳችሁ ብቻ አይሁን።

አንዴ እዚሁ ከተማ አንድ ሱቅ መስኮት ላይ ያየሁትን አረንጓዴ ጠርሙስ ገዛሁ። የቢራ መስኮት ላይ መቆም የሚጠቅመው ሱቁን ብቻ ነው። ባለሱቁን «ይሄ መቼ ነው የገባው?» አልኩት። ትልቅ ሰው ነው፤ ድሬ ላይ አንቱታ ስለማናውቅ አንተ ነው የምለው። «አያልፍበትም፣ ቀኑን እየው» አለኝ። ቀኑ እውነትም አላለፈም። ቢራው ግን አልፎበታል።

የማብቂያ ቀን የሚነግራችሁ ፋብሪካው የገመተውን እንጂ ቢራው ዛሬ የሚጥም መሆኑን አይደለም። ብዙ የአውሮፓ ቢራዎች ዘጠኝ ወር፣ አንድ ዓመት ይጽፋሉ። ለላገር ይሄዳል። አይፒኤ ግን በቅዝቃዜ ተይዞ እንኳ ከታሸገ በሦስት ወር ውስጥ ቢጠጣ ነው። ጭጋግ የመሰለው፣ ድፍርስ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ወር ተኩል ሁለት ወር ሳይሞላው ክፈቱት፤ በጣም ቶሎ የሚሞተው እሱ ነው። ድፍርሱ ወደ ግራጫ ወይም ቡናማ ካደላ ዋናው ጣዕሙ ሄዷል።

ስለዚህ ከማብቂያው ይልቅ የታሸገበትን ቀን ፈልጉ። አነባበቡ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። 05/09 የሚል ጣሳ አሜሪካ የታሸገ ከሆነ ሜይ 9 ነው፣ በእኛ ግንቦት 1። አውሮፓ የታሸገ ከሆነ ሴፕቴምበር 5 ነው፣ በእኛ ነሐሴ 30። በመሃላቸው አራት ወር አለ፤ የአይፒኤ ዕድሜ በሙሉ ማለት ነው።

ድራፍትስ? እዚህ ከተማ ያለው ድራፍት ሆፕስ የበዛበት አይደለም፣ ላገር ነው። ግን ከብፌው አይፒኤና ከትኩስ ጃምቦ ምረጥ ብትሉኝ ጃምቦውን ነው የማነሳው። ፓስቸራይዝ ያልተደረገ የድራፍት በርሜል በቅዝቃዜ ከተያዘ ከ45 እስከ 60 ቀን ይቆያል። ከተከፈተ በኋላ የሚገፋው በካርቦንዳይኦክሳይድ ከሆነ ሳምንታት ይታገሣል። በአየር ፓምፕ ከሆነ ግን በአንድ ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። እኔ የምመርጠው ወንበር የሚጠፋበትን ድራፍት ቤት ነው፤ እዚያ በርሜል አያድርም። ጭር ያለ ቤት ገብታችሁ የመጀመሪያው ጃምቦ ኮምጠጥ ካለ፣ ከአስተናጋጁ ጋር አትጣሉ፤ ጠርሙስ እዘዙ።

ጠርሙስ ሲባል፣ ለተራ ላገር ቅርበት ትልቅ ነገር ነው። የሐረር ቢራ ፋብሪካው እዚያው ሐረር ነው፤ ባሕር ተሻግሮ ኮንቴይነር ውስጥ የተጠበሰ ቢራ አይደለም። ሐኪም ስታውት ደግሞ፣ ስሙን ከሐረሩ ሐኪም ተራራ የወሰደው፣ ሌላ ጠባይ አለው። የተቆላ ብቅል ያለበት ጥቁር ቢራ የእርጅናን ጣዕም ይሸፍናል። ፍሪጅ ለሌለው ቤት፣ ሳጥን ገዝቶ ቀስ እያለ ለሚጠጣ ሰው የምመክረው እንዲህ ያለውን ጥቁር ነው።

አይፒኤ ያማራችሁ ግን ከፍሪጅ የወጣ ጣሳ ካላገኛችሁ፣ ወይም ቀኑን ማንበብ ካልቻላችሁ፣ ገንዘባችሁን አታውጡ። የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ ሻንጣው እንደደረሰ መጀመሪያ የሚፈታው ቢራው ይሁን። እኔ ለአጎቴ ልጅ ለሚቀጥለው ጊዜ ያዘዝኩት አራት ጣሳ ብቻ ነው። ብፌው ላይ የሚቀመጥ የለም።