መኪና መስመር ሲስት የሚያስጠነቅቅ ሶፍትዌር በጎጃም መንገድ ላይ፦ የወራት አጠቃቀም ልምድ

የጭነት መኪኖቼን ስምሪት የምመራው ደብረ ማርቆስ ሆኜ ነው። ከመስከረም ጀምሮ፣ መኪና ከተመደበለት መስመር ሲወጣ በመተግበሪያና በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚያስጠነቅቅ የጂፒኤስ ሶፍትዌር እየተጠቀምሁ ነው። ዘንድሮ የማዳበሪያውን ጭነት አብሮን ስላሳለፈ፣ አሁን ስለ ዕቃው መናገር የሚቻል ይመስለኛል።

የጎጃም መንገድ ለዚህ ሶፍትዌር ቀላል ፈተና አይደለም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መኪና ዓባይን ተሻግሮ ደጀን ሲደርስ፣ አንደኛው መንገድ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም፣ ሁለተኛው በቢቸናና በሞጣ በኩል ይሄዳል፤ ሁለቱም መጨረሻቸው ባሕር ዳር ስለሆነ፣ የተሳሳተውን የያዘ ሾፌር መንገደኛ ቢጠይቅ እንኳ «አዎ፣ ባሕር ዳር ያደርስሃል» ከመባል በቀር የሚያቃናው አያገኝም። ቡሬ ላይ ወደ ነቀምቴ፣ እንጅባራ ላይ ወደ ቻግኒ የሚያስገቡ መገንጠያዎችም አሉ፤ እነሱ ግን እስካሁን አላስቸገሩኝም።

ሻጮቹ ዕቃቸውን፣ በባቡር ሥራ ላይ ለባቡር የተሳሳተ መስመር ሲከፈት ከሚያስጠነቅቀው ሶፍትዌር ጋር ያመሳስሉታል። ማመሳሰሉ የሚያስኬደው እስከ ግማሽ ነው። በሐዲድ ላይ መስመሩን የሚከፍተው ሲግናል ተቆጣጣሪው እንጂ ነጂው አይደለም፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ የባቡሩን ቁጥር ከጉዞ ሰሌዳው ጋር አመሳክሮ የተከፈተለት መስመር የእሱ አለመሆኑን ሲናገር፣ ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ማረም በእጁ ላለው ሰው ነው፤ ባቡሩ መገንጠያውን ሳያልፍ ከደረሰም ስሕተቱ እዚያው ይቀራል። በእኛ ቤት ግን መሪውን የያዘው ሾፌሩ ነው፤ የእኔ ሥልጣን ስልክ መደወል ነው። መኪናው ካለፈ በኋላ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ለእኔ ከሪፖርት አይለይም።

የሚያዘገየው የዓባይ በረሃ ነው። መሣሪያው ያለበትን ቦታ ከሳተላይት ቢያውቅም ወደ እኔ የሚልከው በሲም ካርድ ዳታ ነው፤ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁለቱን ከጀመረ በኋላ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር መረጃውን በሆዱ ያከማቻል፤ አቀበቱን ጨርሶ ደጀን አካባቢ ኔትወርክ ሲያገኝም ያከማቸውን ከአሮጌው ጀምሮ በተራ ይልካል። እንግዲህ መኪናው መገንጠያው ላይ በደረሰበት ሰዓት፣ የእኔ ካርታ ገና ድልድዩ ላይ ያሳየዋል። በግንቦት ለፍኖተ ሰላም ማዳበሪያ የጫነ ሾፌሬ፣ ለመስመሩ አዲስ ነበርና፣ ከፊቱ የሚሄዱትን ማዳበሪያ የጫኑ ተሳቢዎች ተከትሎ የሞጣውን መንገድ ያዘ። ማስጠንቀቂያው ደርሶኝ ስደውልለት ቢቸና ገብቶ ምሳ እየበላ ነበር። «ጋሼ፣ ሁሉም እኮ የሄዱት በዚህ ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ጎሃ ጽዮን ላይ በካርታው ክብ አስከለልሁ። መኪናው ክቡ ውስጥ ሲገባ ታርጋውና መድረሻው ለስምሪት ሠራተኛዬ በመልእክት ይደርሰዋል፤ እሱም ሾፌሩ ቁልቁለቱን ሳይጀምር ደውሎ «ደጀን ላይ በማርቆስ ነው የምትይዘው» ይለዋል። ከዚህ ወዲህ ደጀን ላይ የሳተ መኪና የለኝም። የሚያስቀው፣ ችግሩን የፈታው ብዙ የተወራለት መስመር መከታተያው ሳይሆን ይህ ተራ ክብ መሆኑ ነው። መከታተያው ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚፈቅደውን ስፋት ጠበብ ሲያደርጉት መኪናው ነዳጅ ለመቅዳት ገባ ባለ ቁጥር ይጮኻል፤ ሰፋ ሲያደርጉት ደግሞ ደጀን ላይ ገና ያልተራራቁት ሁለቱ መንገዶች አብረው ውስጡ ይገባሉ።

ሰዓቱም ሌላ ጣጣ ነው። ሾፌሩ «ስምንት ሰዓት ላይ ወጣሁ» ሲል ሪፖርቱ 14:00 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር የሚያሳይ ምርጫ የለውም፤ የምሽት ተረኛውም ስድስት ሲቀንስ ያመሻል። ኔትወርክ እያለ ዳታ ብቻ በሚቋረጥበት ጊዜ ግን በአጭር መልእክት መሥራቱን ስለማይተው፣ በዚህ በኩል ከጠበቅሁት በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ውሉን ለከርሞም አድሼዋለሁ። አቅራቢውን የጠየቅሁት አንድ ነገር፣ ተከማችቶ የመጣው አሮጌ መረጃ ካርታው ላይ ከአሁኑ በተለየ ቀለም እንዲታይ ነው። ይህ እስኪስተካከል ድረስ፣ ለመስመሩ አዲስ የሆነ ሾፌር ደጀን ሲደርስ ዳር ይዞ ይደውላል፤ ስምሪት ክፍሉ ሳይመልስለትም መገንጠያውን አያልፍም።